የአለመስከር ማስረጃ

«አልኮል ይጠጣሉ?» የሚለውን ጥያቄ በዚያ ክረምት ስንት ሰው እንደጠየቅኩ አላስታውስም። የማስታውሰው መጀመሪያ የተጠየቅኩት እኔ ራሴ መሆኔን፣ ዓይኔን በጨው አጥቤም «አልጠጣም» ማለቴን ነው።

ጠያቂዋ ሐኪም ነበረች። ዕድሜዋ ከመጀመሪያ ልጄ ብዙም የማይበልጥ፣ ለትምህርቷ ማሟያ ጥናት ለመሥራት ከሩቅ ወደ ሚዛን ተፈሪ የመጣች ልጅ እግር ዶክተር። ልታውቅ የፈለገችው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። እቤት የሚወጣ አረቄን ለዓመታት መጠጣት፣ በተለይ ደግሞ በአወጣጡ ጉድለት ሊጠጣ የማይገባው መርዛማ አልኮል ከተቀላቀለበት፣ የሰውን አካሄድና የእጁን ቅንጅት ያበላሻል ወይ? እኔ ጤና መኮንን ነኝ። በዚህ አገር ፀጉሬ እስኪሸብት ሠርቻለሁ። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል፤ አንድም ቀን አርሜ አላውቅም። ሰውንም መንገዱንም ያውቃል ተብዬ ረዳቷ ሆንኩና ሥራ ከመጀመራችን በፊት መጠይቁን በእኔ ላይ ሞከረችው።

«አልጠጣም» ስል ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የዋሸሁ አልመሰለኝም። ከምሳ በኋላ የምወስዳት አንዲት መለኪያ አረቄ ለሆዴ ናት። ማታ የምትከተላት ደግሞ ለእንቅልፌ ናት። ጠጅ የበዓል ነው፤ ጠላ ጥም ነው። እኛ ከተማ ውስጥ መጠጥ የሚባለው ሌላው ሰው የሚጠጣው ነው። ለዚህም ነው ወደ ሸኮ ወጥተን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስንጠይቅ በፍጹም ልባቸው «አልቀምስም» ያሉን። ዶክተሯ ከእህል የተጠመቀ ወፍራም መጠጥ የሞላበትን በእጃቸው የያዙትን ቅል እያየች «ይሄስ?» ብትላቸው ተቆጡ።

«ይሄ ቦርዴ ነው። ቦርዴ ምግብ ነው። አንቺ ምሳ በላሽ፣ ሰከርሽ እንላለን?»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን እንዳነሳች ቀረች። እኔ ግን ሽማግሌውን በጣም ወደድኳቸው። ከእኔ የተሻለ ተከራካሪ ናቸው።

የእኔ ዋና ሥራ ሰውን በመስመር ላይ ማስኬድ ነበር። መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፤ ተመርማሪው የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገናኘ ይራመዳል። ከዚያ እግሩን ገጥሞ ይቆማል፤ ከዚያ በጣቱ አንዴ አፍንጫውን፣ አንዴ የእኔን ጣት ይነካል። ሚዛን በሚባል ከተማ የሰው ሚዛን በመለካታችን መላው ከተማ ስለቀለደ እኔ ቀልዱን እተወዋለሁ። የተማርኩ ሰው ነኝና ዶክተሯ ሸዋ ቤንች ለሥራ በሄደችበት ቀን ምርመራውን ብቻዬን በቀበሌው ግቢ ጀመርኩት። ግቢው ተዳፋት ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ጠመኔ ጭቃ ላይ አልጽፍ ሲለኝ ኖራ አምጥቼ ረዥም ነጭ መስመር አሰመርኩ። በሥራዬ ኮርቼም ነጭ ጋዋኔን ለበስኩ።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ በመስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ የሄደ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ይወላገዳል። የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ተወላገዱ። ጠጥተው የማያውቁ ሙስሊም ነጋዴ ተወላገዱ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር እንኳ ሁለት እርምጃ ሄዳ «እኔስ ልጄን እፈልገዋለሁ» ብላ ተመለሰች። እኔ ደግሞ ላቤን እየጠረግኩ ለእያንዳንዱ «የአካሄድ ችግር አለበት» እያልኩ ምልክት አደርጋለሁ። ማታ ዶክተሯ ስትመለስ ወረቀቶቹን ደርድሬ፣ አንድ ቀበሌ ሙሉ በሽተኛ ያገኘ ሰው በሚሰማው ደስታ አቀረብኩላት። በነጋታው ግቢውን አየች፤ መስመሩን አየች፤ ከዚያ በትሕትና «እርስዎ ይሂዱበትና ልይዎት» አለችኝ። በሦስተኛው እርምጃ በመቀመጫዬ ቁጭ አልኩ። ከጋዋኑ ላይ ያ ቀይ ጭቃ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ባለቤቴ ስታጥበው ሁሉ ታነሳብኛለች።

ወረቀቶቹ ተቀደዱ። ከዚያ በኋላ አንድ ነጋዴ የቡና ማስጫ ሲሚንቶውን ፈቀደልን። ክረምት ስለሆነ ቡና የለም፤ ሜዳው ለጥ ያለና ከላይ ቆርቆሮ የለበሰ ነበር። እዚያ ላይ ጤነኛ ሰው እንደ ጤነኛ ይሄዳል።

ልብስ ሰፊው የመጣው እዚያ ነው። ማንም አልጠራውም፤ ሰምቶ በራሱ መጣ።

እሱን ለማያውቅ ላስተዋውቅ። ሱቁ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። በወጣትነታችን የዚህ ከተማ ሹም ሁሉ ሱሪውን የሚያሰፋው እሱ ጋ ነበር። ማታ ማታ እሱና እኔ በአንዲት አረቄ አውጪ ሴት ቤት፣ በአንድ አግዳሚ ላይ፣ ጎን ለጎን ነበርን። ብዙ ዓመት። በኋላ እኔ «ዶክተር» መባሌ ስላሳሰበኝ መጠጤን ወደ ቤቴ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። እሱ ግን አንድ የሚካኤል ዕለት በታቦቱ ፊት ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ዳግመኛ ላይቀምስ ተሳለ። ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎታል።

ክፉው ነገር ከስለቱ በኋላ መጣ። አካሄዱ አልተስተካከለም። እግሩን አስፍቶ፣ በነፋስ መሃል እንደሚሄድ ሰው እየተንገዳገደ ነው መንገድ የሚያቋርጠው። እጁ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማግባት አቃተው። እግሩ የስፌት መኪናውን መርገጫ በልክ መርገጥ አቃተው። እሱ ደንበኛ ለክቶ ቁጥሩን በቃሉ ይናገራል፤ ቆርጣ የምትሰፋው ልጁ ሆነች። አነጋገሩም ቃል ከቃል እየተጎተተ መጣ። ከተማው ይህን አይቶ አንድ ነገር ብቻ ነው የደመደመው፦ በድብቅ ይጠጣል። በሚካኤል ማኅበሩ ጽዋው ዞሮ እሱ ጋ ሲደርስ ሰው ይሳሳቃል። እሱ ውሃ ነበር የሚጎነጨው፤ ውሃ መሆኑን ግን ከእሱ በቀር ማን ያምናል?

በከተማው የሚሳቅበት ቀልድ ደግሞ የእኔ ፈጠራ ነው። አንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ እሱ ወንበር ፈልጎ ሲንገዳገድ አይቼ «እሱ አረቄን ተወ፤ አረቄ ግን እሱን አልተወውም» አልኩ። ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። በሳምንቱ ቴፒ የሚመላለስ ሾፌር መልሶ ለእኔው ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

እንግዲህ ያ ሰው ሲሚንቶው ላይ መጥቶ በፊቴ ቆመ። ጫማውን አውልቆ በሥርዓት ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«አልኮል ትጠጣለህ?» አልኩት፣ ወረቀቱን እያየሁ።

«ሰባት ዓመት ሆነኝ ከቀመስኩ።»

«ሰባት ዓመት» አልኩ። ዓይኑን አየሁት። እሱም አየኝ። ያለፉትን የአግዳሚ ዓመታት ሁለታችንም እናውቃቸዋለን። ከዚያ አስኬድኩት። በሁለተኛው እርምጃ ከመስመሩ ወጣ፤ በአራተኛው ልይዘው ተነሳሁ። ጣቱን ወደ አፍንጫው ሲያመጣ ጉንጩን ወጋ። ሁሉንም ምልክት አደረግኩ። ከሄደ በኋላ ደግሞ፣ «መጠጥ ካቆሙ ስንት ጊዜ?» ወደሚለው ተመልሼ እሱ የነገረኝን ሳይሆን ከተማው የነገረኝን ጻፍኩ፦ «አሁንም ይጠጣል»። ጥናቱን ከውሸት ያዳንኩ መሰለኝ። እኔ እኮ ዋሽቼ ስሞላ እንኳ ለሳይንስ ብዬ ነው።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። ግን በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ቤቱ ጠራኝ። ወንድሜ ነጋዴ ነው፤ ቁም ነገረኛ፣ ነገር ሳያጣራ የማይነካ። ልጁ የልብስ ሰፊውን ልጅ ካላገባሁ ብሎ ቤቱን አምሶታል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ወንድሜ ሊያጣራ ፈለገና አጣሪው እኔ ሆንኩ።

«ልጅቷን ሁሉም ያመሰግናታል» አለ። «አባትየው ነው የሚያሳስበኝ። አንተ ሐኪም ነህ። እውነት ይጠጣል?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? የሰው ምስጢር በሙያዬ አደራ የተቀበልኩ ሰው ነኝ፤ አላውቅም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ግን ወንድሜ «ሐኪም ነህ» ሲለኝ ደረቴ ትንሽ ተነፋ። ከፊቴ የተቀዳልኝ ጠጅም ሁለተኛው ብርሌ ነበር።

«ራሴ መርምሬዋለሁ» አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወንድሜ ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። ሽማግሌ መላኩ ቀረ። የወንድሜ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ሌላው ዳር ይሻገራል። ነገሩ በሚዛን ከተማ ምስጢር ሆኖ ሊቀር አይችልምና ልብስ ሰፊው ጋ ለመድረስ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም፦ ልጅህን ሊጠይቁ ያሰቡ ነበሩ፤ አባቷ ሰካራም ነው ተብሎ ተዉት።

እኔ ጋ ጤና ጣቢያ መጣ። እንደ ማንኛውም በሽተኛ ካርድ አውጥቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ስሙ ሲጠራ ገባ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል ገደማ ነው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ቆመ።

«ወረቀት ጻፍልኝ» አለ።

«የምን ወረቀት?»

«አልሰከረም የሚል። ማኅተም ይኑረው።»

ሳቅኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ሳቅኩ። የሕመም ፈቃድ ወረቀት አለ፣ የልደት አለ፣ የሞት አለ፤ ያለመስከር ማስረጃ ግን መንግሥት እስካሁን አላሳተመም አልኩት። እሱ አልሳቀም። ጠረጴዛውን ተደግፎ ጎንበስ አለና ፊቱን ወደ ፊቴ አስጠጋው።

«እንግዲያው አሽትተኝ» አለኝ።

ተነፈሰብኝ። የሽንኩርትና የሻይ ሽታ ነበር፤ ሌላ ምንም። ግን ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሲጠጋጋ የሚያሸተው አንዱ ብቻ አይደለም። ከምሳዬ ተነስቼ ገና መመለሴ ነበር። አፍንጫው ስትሠራ አየኋት። ቅንድቡን ትንሽ አነሳ፤ ከዚያ ቀና አለ። ካርዱን ከጠረጴዛው ላይ ለማንሳት ሦስት ጊዜ ሳተው፤ በአራተኛው አነሳውና ወጣ። እኔ መስኮቱን ከፈትኩ። ማንን ለማናፈስ እንደከፈትኩት አላውቅም።

በነጋታው ዶክተሯ ወረቀቶቹን ስታመሳክር ጠራችኝ። የልብስ ሰፊው ወረቀት ፊቷ ነበር።

«ጋሼ፣ እኚህ ሰው አሁንም ይጠጣሉ ብለው ራሳቸው ነገሩዎት?»

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይባላል። እኔ በሁለቱም ተያዝኩ። «እሱ እንኳ ሰባት ዓመት ብሏል፤ ግን አገር የሚያውቀው ነው» አልኩ። ቀጥዬም፣ ምን ነካኝ መሰላችሁ፣ ያንን ቀልዴን ነገርኳት። አረቄ ግን እሱን አልተወውም። እንድትስቅ ጠበቅኩ።

«ይህን ማን አለ?» አለች።

«እኔ።»

«ትክክለኛው ምርመራ እኮ ነው» አለችኝ። «አውቀውት ነው የተናገሩት?»

ከራስ ቅል በስተኋላ እንቅስቃሴን የሚያቀናጅ ትንሹ አንጎል እንዳለ፣ መጠጥ ለብዙ ዓመት ሲደጋገም ይህን ክፍል ሊጎዳው እንደሚችል፣ ሰውዬው መጠጡን ካቆመ በኋላም ጉዳቱ ሊቀር እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳችኝ። የትኛው አረቄ፣ የትኛው ጉድለት እንደጎዳው በእኛ ወረቀት ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ጥናቱም የሚጀመረው እንጂ የሚያልቀው እዚህ አይደለም አለች። ሁሉም አዲስ አልነበረም። ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁ፤ አልፌበታለሁ። ከዚያ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ለሳቅ አዋልኩት።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ሲሚንቶው ላይ ተጠራ። ዶክተሯ ራሷ ዓይኑን፣ እጁን፣ አነጋገሩን፣ አካሄዱን አንድ በአንድ አየች። ስትጨርስ አስቀመጠችውና ነገረችው።

«ጋሼ፣ ይህ በሽታ ነው። ስካር አይደለም። የድሮው መጠጥ የጎዳዎት ይመስለኛል፤ ሌላ ምክንያት እንዳይኖር ግን ትልቅ ሆስፒታል ሄደው መታየት አለብዎት። ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም። መጠጡን ማቆምዎ ግን ከዚህ እንዳይብስ ረድቶዎታል።»

በዚያ በሚጎተት አንደበቱ፦

«ሚካኤል ስለቴን ያልተቀበለኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ሰባት ዓመት። ሰው አላመነኝም፤ እሺ። እሱስ ምን በደልኩት እያልኩ ነበር።»

አለቀሰ። በእጁ ፊቱን ሊሸፍን ሞከረ፤ እጁም እንደ ልቡ አልሄደለትም። እዚያ ቆሜ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ሲሚንቶ ስለሆነ አልተሰነጠቀም።

እሱ ከሄደ በኋላ ዶክተሯ መስመሩን አሳየችኝ። «አሁን እርስዎ ይሂዱልኝ።»

ከምሳ በኋላ ነበር። በዚያ ቀን ደግሞ ፍርሃቱን ለማስታገስ አንዷ ሁለት ሆናለች። ተረከዝ ከጣት፣ ተረከዝ ከጣት፣ ከዳር እስከ ዳር እንደ ክር ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ዞሬም ተመለስኩ። እግሬን ገጥሜ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ፤ ንቅንቅ የለም። ጣቴ አፍንጫዬን በመጀመሪያው አገኘችው። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ፈተና አልፌ አላውቅም። ዓይኔን ስገልጥ ዶክተሯ አጠገቤ ናት፤ የሸተታትም ነገር በፊቷ ላይ ተጽፏል።

«ጥናቴ ውስጥ ሁለት ውሸት አለ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንድ የማይጠጡ ሰው ይጠጣሉ ተብለዋል። አንድ የሚጠጡ ሰው አልጠጣም ብለዋል። ሁለቱም ከእርስዎ የመጡ ናቸው።»

ልጄ የምታህል ልጅ ናት። እስክሪብቶ ሰጠችኝና ሁለቱንም አረምኩ። የእኔን ሳርም «በቀን ስንት መለኪያ?» የሚለው ጋ ደርሼ አሰብኩ። እንደ ሸኮው ሽማግሌ «ምግብ ነው» ብዬ መከራከር አማረኝ፤ ግን እሳቸው ቢያንስ ቅሉን በእጃቸው ይዘው ነበር የተከራከሩት።

ለልብስ ሰፊው የጠየቀውን ወረቀት ዶክተሯ ጻፈችለት፤ ማኅተምም ነበረው። ችግሩ እንደ ሐኪም ወረቀት ሁሉ ከሐኪም በቀር የሚያነበው አልነበረም። ሰው ያመነው አፍ ነው፤ ያጠፋውም አፍ፣ የእኔው አፍ ነው። ስለዚህ ወንድሜ ጋ ሄድኩ።

«ያ ሰው አይጠጣም» አልኩት።

«መርምሬዋለሁ አላልክም?»

«መርምሬዋለሁ። የጻፍኩት ግን ውሸት ነው። ያየኸው መንገዳገድ በሽታ ነው። የምጠጣው እኔ ነኝ። በየቀኑ።»

ወንድሜ አየኝ። ሲደነግጥ ለማየት ተዘጋጅቼ ነበር። «የአንተንማ እናውቃለን» አለኝ ቀዝቀዝ ብሎ። «ዝም የምንልህ ዶክተር ነህ ብለን ነው።» ለካ እኔ በሬን ዘግቼ ስጠጣ፣ በሩ የተዘጋው በእኔ ላይ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ታውቃለች፣ ወንድሜ ያውቃል፣ ጤና ጣቢያው ያውቃል። ቀጥ ብዬ ስለሄድኩ ብቻ ጨዋ ተባልኩ።

ወንድሜ ቅጣቱን ሲያውቅበት ከሚላኩት ሽማግሌዎች አንዱ አደረገኝ። አራት ሆነን ሄድን። ልብስ ሰፊው ቤት በር ላይ እንደ ወጉ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ተባለ፤ እኛም እንደ ወጉ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። ሽማግሌ ሲቆም የቤቱ ጌታ አይቀመጥምና እሱም ቆመ። የስፌት መኪናውን በአንድ እጁ ይዞ፣ እግሩን አስፍቶ። የእኛ ሰብሳቢ ነገሩን ከአዳም ጀምሮ አዞረው፤ ስለ ዘር ተናገረ፣ ስለ ጉርብትና ተናገረ። ልብስ ሰፊው ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ አልቀመጥም ብሎ ግን ጥርሱን ነክሷል። ማየት አቃተኝ። ተራዬ ሳይደርስ ሰብሳቢውን አቋረጥኩ፤ ይህ በሽምግልና ነውር ነው።

«አንተ ሰካራም አይደለህም» አልኩት። «ሰካራም ነው ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ድንኳን ውስጥም፣ ወንድሜ ቤትም፣ ወረቀት ላይም። ይቅር በለኝ። ልጅህን ለልጃችን ስጠን። እባክህ አሁን ተቀመጥ።»

ሰብሳቢያችን ከቁጣ የተነሳ ጢሙን ያሻል። ልብስ ሰፊው ወደ ልጁ ዞረ፤ ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ናት።

«ትሰሚያለሽ?» አላት።

«እሰማለሁ፣ አባባ።»

«ልጁን ትፈልጊዋለሽ?»

መልሱ እኛ ጋ አልደረሰም፤ ለእሱ ግን ደረሰው መሰለኝ። «ሰጥቻለሁ» አለና ተቀመጠ። እኛም ተቀመጥን። በዚያ ቀን ይቅር በለኝ ላልኩት ግን መልስ አልሰጠኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ሙሽሮቹ ቤተ ክርስቲያን ከመግባታቸው በፊት በጠዋት ልብስ ሰፊው ቤት ነበርን። ባጃጅ ደጅ ቆሞለታል። አልወጣም አለ።

«በእግሬ ነው የምሄደው» አለ። «ልጄን እየዳርኩ ተደብቄ አልሄድም።»

ከዚያ ከሰው ሁሉ መርጦ ወደ እኔ ክንዱን ዘረጋ። ለምን እኔን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ጥርጣሬ ላለው ሰው ልንገረው፦ እኔ ከዋዜማው ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም። ታቦት ፊት ልሸት አልፈለግኩም፤ እጄም በዚህ ምክንያት ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። አዲስ ሱፍ ለብሼ፣ እሱም ልጁ የሰፋችለትን ካባ ደርቦ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ዳገቱን ተያያዝነው።

ሁለት ሰው ተያይዞ ሲሄድ የሚረጋው የሚንገዳገደውን ይደግፋል ብዬ ነበር የማስበው። እንዲያ አይደለም። እሱ ወደ ግራ ሲያዘነብል እኔን ይዞኝ ይሄዳል፤ እኔ ወደ ቀኝ ስመልሰው ሁለታችንም አልፈን ቀኝ ዳር እንደርሳለን። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እየሞላን ነው የምንወጣው። ሱቅ የሚከፍቱ ነጋዴዎች ቆመው አዩን። ከመናኸሪያው በኩል የተሰበሰቡ ሾፌሮች መንገድ ለቀቁልን። አንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦

«ኧረ ዛሬስ ዶክተሩም ተደርቦ ሰክሯል! ገና በጠዋቱ!»

መንገዱ በሙሉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ጠጥቼ በዚሁ መንገድ ስሄድ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ባልጠጣሁበት በዚያ አንድ ቀን ስሜ እዚያ አቧራ ላይ ወደቀ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ፤ ስሰፈር ግን እንዲህ ይቃጠላል አላሉኝም። ቆምኩ። ወደ ሾፌሮቹ ዞርኩ። አፌን ከፍቼ «በሚካኤል እምላለሁ፣ እኔ ዛሬ…» ብዬ ልጀምር ስል ልብስ ሰፊው ክንዴን በሁለት እጁ አጥብቆ ጎተተኝ።

«ተወው» አለኝ፣ ወደ ፊት እያየ። «በማልክ ቁጥር ይብሳል።»